ጅራቱን የሚያኝክ የግቢ ውሻ፦ የበሬውን መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት

በማድለቢያ ግቢ የበሬው ክብደት ይመዘናል፣ የመኖው ዋጋ ይመዘገባል፣ የሠራተኛው ደመወዝ ይሰላል። ሌሊቱን ሙሉ ጅብና ሌባ የሚከለክለው ውሻ ግን በአብዛኛው ግቢ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ መታመሙ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ የሚታከመውም በእጅ በተገኘ መድኃኒት ነው። የዛሬው ትምህርት እየሳቅን ስለምናልፈው አንድ ምልክት ነው፤ የገዛ ጅራቱን ደጋግሞ ስለሚያኝክ ውሻ።

ትምህርቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሦስት ነገሮችን ማድረግ ትችላላችሁ፦ ምልክቱ ለሰውና ለከብት አደጋ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ፣ መንስኤውን በትንሽ ወጪ መለየት፣ ከብት የሚታከምበት መድኃኒት ለውሻ ሲሰጥ ምን እንደሚያስከፍል ማስላት።

በአንድ ግቢ የሆነው

ከአዳማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የበሬ ማድለቢያ የመኖ ወጪ ለማስላት ሄጄ ነበር። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ዘበኛው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ “ዶክተር፣ እስቲ ይህን ውሻ እዩልኝ፤ ጅራቱን ሊጨርሰው ነው” አሉኝ። ውሻው የጀርመን ውሻ ክልስ ነው፤ ክብደቱ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ከመኝታው አጠገብ ታስሮ፣ ለሃጩ እየወረደ፣ የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉ ግድግዳውን ይታከካል።

“ጋሼ፣ ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው?” አልኳቸው።

“ማኘኩን ከጀመረ ሁለት ሳምንት አልፎታል። መንገዳገዱ ግን የትናንት ነው።”

ቀስ በቀስ ታሪኩ ወጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ መጀመሪያ ጅራቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። አልተወም። ቀጥሎ በጨርቅ ሊጠቀልሉት ሲሞክሩ ጣታቸውን ነከሳቸው። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ከመድኃኒት ማስቀመጫው አይቨርሜክቲን አወጣና ሲሪንጁን ለበሬ እንደሚሞላው ሞልቶ ወጋው። በማግስቱ ለሃጭና መንገዳገድ ሲመጣ ግቢው በሙሉ “አብዷል” አለ። የማድለቢያው ባለቤት ውሻው በዱላ እንዲገደል ወስነው ነበር።

ያን ቀን የመኖ ሂሳቡ ቀረ። ጣታቸውን የተነከሱትን ሰው እጃቸውን በሳሙና አስታጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ላክናቸው። ውሻው ሳይገደል ለብቻው ተዘጋበት፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪምም ተጠሩ። በቀጣዮቹ ቀናት መንገዳገዱ እየቀነሰ ሄደ፤ በአሥረኛው ቀን ውሻው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ሲመጣ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ በማበጠሪያ ሲፈተሽ ጎድኑና የጅራቱ ሥር በቁንጫ የተሞላ ሆኖ ተገኘ።

በሽታው ቁንጫ ነበር። ትልቁን ወጪና ያንን ሁሉ ድንጋጤ ያመጣው ግን ቁንጫው ሳይሆን ያልተመረመረ ሕክምና ነው። ይህን ልዩነት መያዝ የዛሬው ትምህርት ዋና ጉዳይ ነው።

ደረጃ 1፦ አስቀድማችሁ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ጠይቁ

ጅራት ማኘክ በአብዛኛው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት አይደለም። ሆኖም በበሽታው የተያዘ ውሻ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የተነከሰበትን ቦታ እያኘከ ራሱን ያቆስላል። ንክሻው ጅራቱ ወይም ጎድኑ ላይ ከነበረ፣ የምታዩት ከቁንጫ ማሳከክ ጋር ይመሳሰላል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ በሰውም በእንስሳም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ቢሆንም የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ወደ ውሻው ሳትጠጉ እነዚህን ጠይቁ፦

- ውሻው ባለፈው ዓመት የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል? ማስረጃው የት አለ?
- ባለፉት ሳምንታት ወይም ወራት በማያውቁት ውሻ፣ በጅብ ወይም በቀበሮ ተነክሷል?
- ጠባዩ በድንገት ተለውጧል? ገሩ ተናካሽ፣ ተናካሹ ደግሞ ፈዛዛ ሆኗል?
- ድምፁ ተለውጧል? መንጋጋው ወርዷል? መዋጥ ያቅተዋል? እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል?

ከመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ለአንዱ መልሱ “አዎ” ከሆነ፣ ወይም ያልተከተበ ውሻ ተነክሶ ከነበረ፣ ጅራቱን ለማየት አትሞክሩ። ከሰውና ከከብት ለይታችሁ ዝጉበት፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ሰው ከተነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። “ውሻው እስኪለይለት እንጠብቅ” ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት ስህተት ነው። ክትባቱ ይጀመራል፤ ውሻው ጎን ለጎን ለ10 ቀን ይታያል። ከ10 ቀን በኋላ ውሻው በሕይወት ካለና ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰበት ቀን በለሃጩ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ቀሪው ክትባት ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው።

ውሻውን ቸኩሎ መግደልም ሁለት ጉዳት አለው። የ10 ቀኑ ክትትል ይቀራል፤ ጭንቅላቱ በዱላ ከተፈጨ ደግሞ ምርመራው የሚሠራበት አንጎል ይበላሻል።

ደረጃ 2፦ የሚታኘከው የጅራቱ ቦታ የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥጋት ከሌለው ወደ ጅራቱ እንመለስ። አፉን በጨርቅ ጠፍር አስራችሁ፣ የሚያውቀው ሰው አንገቱን ይዞ፣ በቀን ብርሃን እዩት። ቦታው ብዙ ይናገራል።

የጅራቱ ሥር፣ ወገቡና የጭኖቹ ጀርባ። ጸጉሩ ከሳሳ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ቅርፊት ከያዘ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁንጫ ነው። አንዳንድ ውሻ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ አለው፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ውሻ ጥቂት ንክሻ ለቀናት እንዲያኝክ ይበቃዋል። ስለዚህ “አንድም ቁንጫ አላየሁም” ማለት “ቁንጫ የለም” ማለት አይደለም።

ከጅራቱ በታች፣ ፊንጢጣው አካባቢ። መቀመጫውን መሬት ላይ እየጎተተ ከሄደ ሁለት ነገር ይታሰባል። አንደኛው በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች መሙላት ወይም መመረዝ ነው፤ ሽታው ከባድ ነው፣ አንዳንዴ አብጦ ይፈነዳል። ሁለተኛው የኮሶ ትል ነው፤ ጸጉሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ይታያሉ።

የጅራቱ ጫፍ። በር የቀጠቀጠው፣ በሬ የረገጠው፣ ወይም ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ የደማ ጫፍ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ አጥንት በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ውሻውም ይጮሃል። ጅራቱ ቀደም ሲል በምላጭ ወይም በቢላ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ በጠባሳው ውስጥ ያለው ነርቭ ሲነካካ ያማል፤ ውሻው ያንን ሕመም ያኝካል።

ጅራቱን እያሳደደ መዞር። ቁስልም ማሳከክም ሳይኖር በክብ እየዞረ የሚይዘው ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የመታሰርና የመሰልቸት ልማድ ሊሆን ይችላል። የጀርመን ውሻ በዚህ ልማድ ከሚታወቁት ዝርያዎች አንዱ ነው። ይህ ግን የመጨረሻ ግምት ይሁን፤ ከላይ ያሉት ሳይፈተሹ “አመል ነው” አይባልም።

ደረጃ 3፦ የቁንጫ ፍተሻ በነጭ ወረቀት

ፍተሻው ከማበጠሪያ፣ ከነጭ ወረቀትና ከውሃ በቀር ምንም አይጠይቅም። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ የቅማል ማበጠሪያ የጅራቱን ሥርና ወገቡን አበጥሩ፤ የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉ። ብናኙ በውሃው ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የተፈጨ ደም ስለሆነ ይቀላል። ጥቁር ሆኖ ከቀረ አፈር ነው።

ቁንጫ ከተገኘ ውሻውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው። በማንኛውም ጊዜ ውሻው ላይ የምታዩት የቁንጫው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ እንቁላሉ፣ ዕጩና ሙሽሬው ገለባው ውስጥ፣ መኝታው ሥርና በመሬት ስንጥቅ ይገኛል። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ሙሽሬው ደግሞ ወራት ሳይፈለፈል መቆየት ይችላል። ስለዚህ፦

- በግቢው ያሉት ውሾችና ድመቶች በሙሉ በአንድ ቀን፣ ለየዝርያቸው በተዘጋጀ መድኃኒት ይታከሙ።
- የውሻው ገለባና ጨርቅ ይቃጠል፤ ቤቱ ይጠረግ፣ ፀሐይ ይግባው።
- ሕክምናው ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ለሦስት ወር ያህል ይደጋገም። በሁለተኛው ሳምንት ቁንጫ ብታዩ መድኃኒቱ አልሠራም ብላችሁ አትተዉ፤ ከሙሽሬው እየወጣ ያለው ነው።

የውሻ ቁንጫ አንድ ዓይነት የኮሶ ትል ያስተላልፋል፤ ውሻው ቁንጫውን ሲያኝክ ይውጠዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ፕራዚኳንቴል ሲያዝ ተጨማሪ ወጪ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ለከብት ነጋዴ ሌላም ጥቅም አለው፤ ይኸው መድኃኒት ጥሬ የሆድ ዕቃ በሚበላ ውሻ ሆድ ውስጥ የሚያድጉትንና በበግ ላይ አዙሪት፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ደግሞ በቄራ የሚያስጥል የውሃ ቋጠሮ የሚያመጡትን የኮሶ ትሎችም ያጠፋል። ለግቢው ውሻ የታረደ እንስሳ ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት መወርወር ይቁም።

የበሬው መድኃኒት ለውሻ፦ ስሌቱን እንሥራ

በየማድለቢያው የሚገኘው 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው። ለበሬ የሚሰጠው ለ50 ኪሎ ግራም ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ 5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል።

አሁን ያንን 5 ሚሊ ሊትር 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ውሻ ስጡት። በበሬው ምጣኔ እንኳ ቢሄድ የሚደርሰው 0.4 ሚሊ ሊትር ነበር። 5ን ለ0.4 ስናካፍል 12.5 ይመጣል፤ ውሻው ከ12 እጥፍ በላይ ተሰጠው ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮሊን የመሳሰሉ ዝርያዎችና አንዳንድ የጀርመን ውሻ ክልሶች መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው መከላከያ በዘር የጎደላቸው ስለሆኑ በጣም ባነሰ መጠን ይመረዛሉ። ምልክቱ ለሃጭ መዝረክረክ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት። ይህ ምልክት በግቢ ሰው ዓይን ከእብድ ውሻ በሽታ አይለይም። ቀላል ማሳከክ የነበረበትን ውሻ እኛው “እብድ” አስመሰልነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አይቨርሜክቲን ቁንጫን በማጥፋት የሚታመን መድኃኒት አለመሆኑ ነው።

ሌሎቹንም እናስታውስ። ለከብት መርጫ የሚሸጠው አሚትራዝና ዲያዚኖን በጥሬው ወይም በግምት ተበጥብጦ ውሻ ላይ ከፈሰሰ ይመርዛል፤ ውሻው ደግሞ ጅራቱን ስለሚልስ መርዙን ይውጠዋል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቀውን ድመት ሊገድላት ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስም ይመርዛል። ለሰው የሚሰጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ቁስሉን መያዝ

መንስኤው እስኪታከም ድረስ ቁስሉ ከአፉ መራቅ አለበት። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጸጉር ቁረጡ። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 9 ግራም ያህል ጨው አሟሙታችሁ በቀን ሁለት ጊዜ እጠቡት። አዮዲን ካላችሁ የስስ ሻይ ቀለም እስኪይዝ በውሃ አቅጥኑት። ጅራቱን አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ፤ ደም ካልደረሰው ጫፉ ይሞታል።

አፉ እንዳይደርስ የአንገት ከለላ ይደረግለት። ካልተገኘ አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ታችኛው ተቆርጦ፣ ጠርዙ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከአንገት ማሰሪያው ጋር ቢታሰር ይሠራል። ሲበላና ሲጠጣ በሰው እይታ ሥር ይውለቅለት።

ጅራቱ ከጠቆረና ከቀዘቀዘ፣ አጥንት ከታየ፣ ትል ከወደቀበት ወይም ከሸተተ ለሐኪም ነው። ሐኪሙ በማደንዘዣ ይቆርጠው ይሆናል። ለጠቦት የምትጠቀሙበትን የላስቲክ ቀለበት ወይም ምላጭ ለውሻው ጅራት እንዳታስቡ፤ ሕመሙ ይብሳል፣ ነርቩ በጠባሳ ይያዛል፣ ማኘኩም ይመለሳል።

ልማድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዱላው አይጠቅምም፤ ጭንቀቱን ያብሰዋል። ሰንሰለቱን በተዘረጋ ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት አድርጉ፣ ጥላና ውሃ ስጡት፣ ጠዋት ከዘበኛው ጋር ግቢውን ይዙር። ማታ የሚሠራ ውሻ ቀን ሰላማዊ መኝታ ያስፈልገዋል።

ሂሳቡ

የአንድ ውሻ ዋጋ በገበያ ትንሽ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች “ቢሞት ሌላ እናመጣለን” የሚሉት ለዚህ ነው። የውሻው እውነተኛ ዋጋ ግን አዲሱ ውሻ ግቢውንና ሰዎቹን እስኪለምድ ድረስ በሚያልፉት ሌሊቶች የሚጠፋው እንስሳ ነው።

ለማሳያ ያህል ቁጥር እንውሰድ፤ እናንተ በብርም በሽልንግም የአካባቢያችሁን አስገቡ። የአንድ ውሻ የዓመት መከላከያ፣ ማለትም ክትባት፣ የትል መድኃኒትና የቁንጫ መድኃኒት፣ 2,000 ብር ነው እንበል። አንድ በሬ 80,000 ብር ያወጣል እንበል። 80,000ን ለ2,000 ስናካፍል 40 ነው። ይህ ማለት መከላከያው በ40 ዓመት አንድ በሬ ብቻ ቢያድን ወጪውን ይመልሳል። በእብድ ውሻ የተነከሰ በሬ ቢታመም ሥጋው አይሸጥም፤ ሙሉ ኪሳራ ነው።

የሰውን ወጪ ጨምሩበት። 3 ሰዎች ለክትባት እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ ቢመላለሱ 12 የሥራ ቀን ይባክናል፤ መጓጓዣውና የክትባቱ ዋጋ ገና አልተነካም። የሰው ሕይወት ደግሞ በዚህ ሂሳብ ውስጥ የሚገባ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ነው ርካሹን ፍተሻ ከመድኃኒቱ፣ የሰውን ደኅንነት ደግሞ ከፍተሻው የምናስቀድመው።

መልመጃ ለግቢያችሁ

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን አድርጉ። አንደኛ፣ ከበሬዎቹ መዝገብ ቀጥሎ ለውሾቹ አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ስም፣ ክብደት፣ የክትባት ቀን፣ የትል መድኃኒት ቀን ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ውሻ በማበጠሪያና በእርጥብ ነጭ ወረቀት ፈትሹ። ሦስተኛ፣ የከብት መድኃኒት ማስቀመጫው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ በሩም ላይ “ለውሻ አይሰጥም” ተብሎ ይጻፍ።

የአዳማው ውሻ ዛሬም ሥራው ላይ ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ትንሽ መላጣ ቀርቶታል። ዘበኛው በቅርቡ ስልክ ደውለው “ዶክተር፣ አሁን እሱም ተኝቷል፣ እኔም ተኝቻለሁ” አሉኝ። “ጋሼ፣ ማታ ነው ወይስ ቀን?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ቀን ነው እንጂ፤ ማታማ ሁለታችንም ሥራ ላይ ነን” አሉ።